መጭመቂያውና ማሰሮው፦ የጉሎ ዘይት ታሪክ በገላና በጠጉር እንክብካቤ

ጉሎ በአገራችን ማንም ሳይዘራው በራሱ ጊዜ የሚበቅል ተክል ተደርጎ ይቆጠራል። በጓሮ፣ በአጥር ሥር፣ በአመድ መድፊያና በመንገድ ዳር፣ ከቆላው እስከ ወይና ደጋው ድረስ ይገኛል። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ፍሬው እሾኻማ ልባስ ያለውና በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን በየክፍሉ አንድ አንድ የተዥጎረጎረ ዘር ይዞ ይገኛል። አማርኛ ተናጋሪው ጉሎ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ጉልዒ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ቆቦ ይለዋል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ለዓለም ዕፅዋት ስም ሲያወጣ ሪሲኑስ ኮሙኒስ ብሎ መዘገበው። ሪሲኑስ በላቲን መዥገር ማለት ነው፤ ዘሩ ደም ጠጥቶ የተነፋ መዥገር ስለሚመስል የተሰጠ ስም ነው።

መዥገር የተባለው ይህ ዘር ግን ከሰው ገላና ከሰው ጠጉር ጋራ የተሳሰረበት ታሪክ እጅግ ረጅም ነው። ከጥንቱ የግብፅ ባለመድኃኒት ፓፒሩስ አንሥቶ እስከ ዛሬው የከንፈር ቀለምና የጠጉር ቅባት ድረስ የጉሎ ዘይት ያልገባበት ዘመን የለም ለማለት ይቻላል። ይህን ታሪክ በሚገባ ለመረዳት ግን ተክሉን ብቻ መከታተል አይበቃም። ተክሉ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ዘሩም አንድ ነው። የተለያየው ዘይቱ ከዘሩ የሚወጣበት ዘዴና ያንን ዘዴ በእጁ የያዘው ሰው ማንነት ነው። አንዱ ዘዴ መጭመቂያ ነው፤ ሁለተኛው ዘዴ ማሰሮ ነው። የጉሎ ዘይት ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ዕቃዎች ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጥንታዊው ምስክር

ሰው ጉሎን ያወቀው ለውበት ሳይሆን ለመርዙ ሳይሆን አይቀርም። በደቡብ አፍሪካ በሌቦምቦ ተራራ ላይ በሚገኘው ቦርደር ኬቭ በተባለው ዋሻ ውስጥ 24,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው፣ ጭረት የተደረገበት ትንሽ በትር ተገኝቷል። በ2012 በወጣው ጥናት መሠረት በበትሩ ላይ የጉሎ ዋና አሲድ የሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ ርዝራዥ ታይቷል፤ ተመራማሪዎቹም በትሩ መርዝ በቀስት ጫፍ ላይ ለመቀባት ሳያገለግል አልቀረም ብለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንሥቶ በአንድ ዘር ውስጥ ገዳይና ጠቃሚ የሆኑ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም። የዘይት አወጣጥ ጥበብ ማለትም ሁለቱን መለየት ማለት ነው።

በግብፅ ምድር የጉሎ ዘር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት አካባቢ ከነበሩ መቃብሮች ተገኝቷል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ታላቅ ምስክር የኤበርስ ፓፒሩስ ነው። ይህ የሕክምና ጽሑፍ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 አካባቢ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በሉክሶር ከገዛውና በ1875 በላይፕሲግ ካሳተመው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌዎርግ ኤበርስ ነው። በዚህ መጽሐፍ ጉሎ ለብቻው ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል። የሥሩ፣ የፍሬውና የዘይቱ ጥቅም በየተራ ተዘርዝሯል። ከእነዚህም አንዱ የሴት ጠጉር እንዲያድግ የሚያደርግ ቅባት ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ፣ ተለውሶ፣ ሴቲቱ ራሷን እንድትቀባው ያዝዛል። ዘይቱም መጥፎ ፈሳሽ የሚያወጣ የገላ ቁስልን ለመቀባት ይጠቅማል ይላል። ዛሬ የጉሎ ዘይት ገዝታ ጠጉሯን የምትቀባ ሴት ከ3,500 ዓመት በፊት የታዘዘውን መድኃኒት እየተከተለች ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ዘዴዎች

ዘይቱ እንዴት ይወጣ እንደነበረ በግልጽ የነገረን ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕተ ዓመት ግብፅን ጎብኝቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ ረግረጋማ ቦታ የሚኖሩ ግብፃውያን ይህን ተክል በወንዝና በሐይቅ ዳር እንደሚዘሩት፣ ዘይቱንም ኪኪ እያሉ እንደሚጠሩት ያስረዳል። ቀጥሎም አንድ መሐንዲስ ሊያልፈው የማይገባ ዝርዝር ይሰጣል። ይኸውም ፍሬውን ከሰበሰቡ በኋላ ከፊሎቹ ቀጥቅጠው ይጨምቁታል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ቆልተው ይቀቅሉትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ይሰበስባሉ። ዘይቱ ለመብራት ከወይራ ዘይት እንደማያንስ፣ ሽታው ግን ከባድ እንደሆነ ሳይናገር አላለፈም።

ሁለቱ ዘዴዎች በተፈጥሮ ሕግ ሲታዩ የሚለያዩት እንዲህ ነው። የጉሎ ዘር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይቱ በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ተዘግቶ ስለሚገኝ የሕዋሳቱ ግድግዳ መሰበር አለበት። መጭመቂያው ይህን የሚያደርገው በጉልበት ነው። ከባድ ግፊት ስለሚጠይቅ ጠንካራ እንጨት፣ ድንጋይ፣ በኋላም ብረት ያስፈልገዋል፤ ብዙ ዘር በአንድ ጊዜ ያጠቃልላል፤ በአንድ ቦታም የተተከለ ነው። ማሰሮው ግን ጉልበቱን በእሳት ይተካል። ቁላቱ ዘሩን ያደርቃል፤ ውቅያው ያደቅቀዋል፤ የፈላው ውሃ ዘይቱን ከደቃቁ ያላቅቀዋል፤ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይሰፍፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀጫና ዘነዘና፣ ማሰሮ፣ ማገዶና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በየትኛውም ድኻ ቤት የሚገኙ ናቸው።

ማሰሮው ሌላም ሥራ ይሠራል። የጉሎ መርዝ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን በዘይት አይሟሟም፣ በበቂ ሙቀትም ባሕርዩን ይለውጣል። ስለሆነም በደንብ የፈላው ዘይት ቢደፈርስና ጥቃቅን የዘር ፍርፋሪ ቢቀርበት እንኳ ጕዳቱ ቀንሷል። የጥንቶቹ ሴቶች ይህን የኬሚስትሪ ምክንያት አያውቁትም ነበር፤ ነገር ግን ልምዱን ከእናት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ማፍላቱን አልተዉትም። በ1ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ሐኪም ዲዮስቆሪዴስም ዘሩ በፀሐይ ደርቆ፣ ተወቅጦና በውሃ ተቀቅሎ ዘይቱ ከላይ እንዲገፈፍ ሲያስተምር ይኸንኑ የማሰሮ መንገድ መጻፉ ነበር። ዘይቱ ለመብል እንደማይሆን፣ ለመብራትና ለልጥፍ መድኃኒት ግን እንደሚጠቅም አክሎ ገልጿል።

ማን ይቀባው እንደነበረ የሚነግረን ደግሞ ጂኦግራፈሩ ስትራቦን ነው። በእርሱ ዘመን፣ ማለትም በክርስቶስ ልደት አካባቢ፣ ኪኪን በግብፅ ለመብራት ሁሉም ሰው ይጠቀምበት ነበር፤ ለገላ ቅባት ግን የሚጠቀሙበት ድኾችና ከባድ ሥራ የሚሠሩ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። ሀብታሙ የወይራና ባለ ሽቶ ዘይት ነበረው። ፀሐይና ጭቃ ቆዳውን የሚሰነጥቁበት ሠራተኛ ግን ጉሎን ይቀባ ነበር። ስለዚህ የጉሎ ዘይት በጥንቱ ዓለም የክብር ሳይሆን የላብ ቅባት ነበር ማለት ነው።

የታተመው መጭመቂያ

መጭመቂያው በአንድ ቦታ የተተከለና ብዙ ምርት የሚሰጥ ዕቃ በመሆኑ መንግሥታት ሊቆጣጠሩት ይቀላቸዋል። ይህንንም ከሁሉ በፊት በሰፊው በሥራ ላይ ያዋሉት ግብፅን ይገዙ የነበሩት ግሪካውያን ነገሥታት ናቸው። በዳግማዊ ፕቶሎሚ ፊላዴልፎስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ259 የተጻፈው የገቢ ሕግ የሚባለው ፓፒሩስ በእንግሊዛዊው የሥነ ቁፋሮ ሊቅ በፍሊንደርስ ፔትሪ እጅ ገብቶ በ1896 በግሬንፌል አማካይነት ታትሟል። ከሕጉ ውስጥ ሰፊው ክፍል የሚናገረው ስለ ዘይት ነው። ሰሊጥና ጉሎ ደግሞ ከተዘረዘሩት የዘይት ሰብሎች በግንባር ቀደምትነት የቆሙ ናቸው።

ሕጉ የሚለው በአጭሩ የሚከተለው ነው። በየአውራጃው ስንት መሬት ሰሊጥ፣ ስንት መሬት ጉሎ እንደሚዘራ የሚወስነው መንግሥት ነው። ገበሬው ምርቱን በተወሰነ ዋጋ የዘይቱን ግብር ለተኮናተሩ ሰዎች ብቻ መሸጥ አለበት። ዘይት ጨማቂዎች ከአውራጃቸው ወጥተው ወደ ሌላ አውራጃ መሄድ አይፈቀድላቸውም። ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ሙቀጫውና መጭመቂያው በማኅተም ይታሸጋል። ቤተ መቅደሶች እንኳ የሰሊጥ ዘይት ለራሳቸው እንዲያወጡ በዓመት ሁለት ወር ሲፈቀድላቸው፣ የጉሎ ዘይት ግን እንዲያወጡ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በተወሰነ ዋጋ ከኮንትራተሮቹ መግዛት ነበረባቸው።

በዚህ ሕግ ውስጥ ማኅተሙ የተደረገው በእርሻው ላይ ሳይሆን በመጭመቂያው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕግ አውጪዎቹ የዘሩን ባሕርይ በሚገባ ተረድተውታል። ጉሎ በየወንዙ ዳር የሚበቅል ስለሆነ ተክሉን ማሸግ አይቻልም፤ ዕቃውን ማሸግ ግን ይቻላል። ገላውን ለመቀባት ጥቂት ዘይት የሚፈልገው ሠራተኛ በገዛ እጁ የዘራውን ጉሎ ቅባት መልሶ የሚገዛ ደንበኛ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ማሰሮ ማሸግ እንደ መጭመቂያ ቀላል አይደለም። በየቤቱ ምድጃ ያለ ነውና። የቤት ውስጥ ማፍላቱ ከገዥዎች ሁሉ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ መቆየቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ማሰሮው ባሕር ሲሻገር

የማሰሮው መንገድ ያደረገው ረጅሙ ጉዞ ከአፍሪካ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ያደረገው ነው። በባሪያ ንግድ ዘመን ተይዘው የተጋዙት አፍሪካውያን ንብረት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የተክል ዕውቀትና የእጅ ጥበብ ይዘው ሄደዋል። በጃማይካና በሄይቲ እስከ ዛሬ የሚሠራው የጉሎ ዘይት አወጣጥ ለዚህ ምስክር ነው። በጃማይካ ዘሩ በእሳት ይቆላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በውሃ ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል፣ ከላይ የሰፈፈው ዘይት ይገፈፋል። በቁላቱ ምክንያት መልኩ የጠቆረ፣ ሽታው የጢስ ስለሆነ ጥቁሩ የጉሎ ዘይት ይባላል። በሄይቲም ማስክሪቲ የሚሉት ተመሳሳይ ዘይት ለገላ መታሻና ለጠጉር ቅባት ያገለግላል። ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመት በፊት ቆልተው ይቀቅሉታል ብሎ ከጻፈው ጋር አሠራሩ አንድ ነው።

በደሴቶቹ ላይ ይህ ዘይት በተለይ ለጠጉር የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የተጠቀለለ ጠጉር በራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት እስከ ጫፉ በቀላሉ ስለማይደርስለት ቶሎ ይደርቃል፣ ሲበጠርም ይሰበራል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አይፈስስም፤ በጠጉሩ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፣ ያብረቀርቃል፣ ሲጎነጎንም ይይዛል። ጌታው የማይሰጣትን ሽቶና ቅባት በጓሮዋ ከበቀለ ተክል አውጥታ ልጆቿን ትቀባ የነበረችው ሴት ከጥንቱ የግብፅ ሠራተኛ ጋራ በአንድ ታሪክ ውስጥ የቆመች ናት። ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ጠጉራቸውን በተፈጥሮ መልኩ የመያዝን ነገር እንደ አዲስ ሲያነሡት ይኸው የጃማይካ ጥቁር ዘይት በመደብር መደርደሪያ ላይ ታላቅ ስም አግኝቷል። ስሙ በገነነ መጠን ግን በፋብሪካ ተጨምቆ የማሰሮውን ስም ብቻ የያዘ ዘይት ወደ ገበያ መግባቱ አልቀረም።

የፋብሪካው ዘመን

መጭመቂያውም በበኩሉ አልቆመም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 የፈጠራ መብት ያገኘበት በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መጭመቂያ፣ ከዚያም አሜሪካዊው ቫለሪየስ አንደርሰን በ1900 ያስመዘገበው ሳያቋርጥ የሚጨምቅ ባለ ጠመዝማዛ መሣሪያ የዘይት ኢንዱስትሪን መልክ ለወጡት። በእነዚህ መሣሪያዎች ዘሩ ሳይሞቅ ሲጨመቅ የሚወጣው የመጀመሪያው ዘይት ነጣ ያለና ሽታው የቀለለ ሆነ። ሄሮዶቱስ የነቀፈው ከባድ ሽታ ከጠፋ ዘንድ የድኻው ቅባት ወደ ባለ ጠጋው መኝታ ቤት ለመግባት የሚከለክለው ነገር አልነበረም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኬሚስቶች የጉሎ ዘይት ከሌሎች የተለየበትን ምሥጢር አገኙ። ከዘይቱ አሲድ ከመቶ 85 እስከ 90 የሚደርሰው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ 18 የካርቦን አቶሞች ሲኖሩት በ12ኛው ላይ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ተለጥፎበታል። በሌላው የምግብ ዘይት ውስጥ የማይገኘው ይህ ትንሽ ጥንድ የዘይቱን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። በዚህም ምክንያት የጉሎ ዘይት ውፍረት በተለመደው የክፍል ሙቀት ከወይራ ዘይት ወደ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ከዚህም በላይ ሌሎች የዕፅዋት ዘይቶች በአልኮል በቀላሉ የማይሟሙ ሲሆኑ ጉሎ ይሟሟል። ለሽቶ ቀማሚው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሽቶውና ቅባቱ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሳይለያዩ ሊኖሩ ቻሉ።

ከ1870ዎቹ ጀምሮ ዘይቱ በሰልፈሪክ አሲድ ተሠርቶ የቱርክ ቀይ ዘይት የሚባል ውህድ ተገኘ። ይህ ውህድ በመጀመሪያ ያገለገለው ለጨርቅ ማቅለሚያ ነበር፤ በውሃ ውስጥ የሚበተን ዘይት በመሆኑ በኋላ ለገላ መታጠቢያም ተፈለገ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የከንፈር ቀለም በፋብሪካ መመረት ሲጀምር፣ ከንፈር ላይ የሚቀረውን ቀለም በማሟሟትና በማብረቅረቅ የጉሎ ዘይት ቀዳሚውን ቦታ ያዘ። ብርሃን አሳላፊ ሳሙና በሚሠራበትም ጊዜ ይጨመራል። በዚሁ ዘመን የአውሮፕላን ሞተር ያለ ጉሎ ዘይት የማይሠራበት ጊዜ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር የዌክፊልድ ኩባንያ በ1909 ያወጣው ካስትሮል የተባለው የሞተር ዘይት ስሙን የወሰደው ካስተር ከተባለው የጉሎ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ሞተርን ከመፋተግ የሚያድነው ውፍረትና ጠጉርን ከመሰበር የሚያድነው ውፍረት ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው።

መርዙ የት ይሄዳል

ስለ ጉሎ ዘይት መልካምነት በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ጥያቄ አለ። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ መርዙ የት ሄደ? ሄርማን ስቲልማርክ የተባለው ተመራማሪ በ1888 በዶርፓት ዩኒቨርስቲ የዘሩን መርዝ ለይቶ ሪሲን የሚል ስም ሰጠው። ሪሲን ከሚታወቁት የዕፅዋት መርዞች ሁሉ ከኃይለኞቹ አንዱ ነው። ከላይ እንደተገለጠው በዘይት ስለማይሟሟ በተጣራው ዘይት ውስጥ አይገኝም። በ2007 በአሜሪካ የወጣው የመዋቢያ ንጥረ ነገሮች ግምገማ የጉሎ ዘይት በመዋቢያ ውስጥ ቢገባ ጕዳት እንደሌለው የፈረደው ከዚህም የተነሣ ነው። ነገር ግን መርዙ አልጠፋም፤ በፋጉሎው ውስጥ ቀርቷል። ፋጉሎው በበቂ እንፋሎት ካልተዘጋጀ ከብት ቢበላው ይሞታል፤ በማዳበሪያነት በተበተነበት ቦታ ውሾች በልተውት ሞተዋል።

ከመርዙ ሌላ ሌላም ጕዳት አለ። የጉሎ ዘር አቧራ በሰው ሳንባ ላይ የአስም በሽታ የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ይዟል። ይህም ከሪሲን የተለየና ሙቀትን በቀላሉ የማይበገር ነው። በ1928 በአሜሪካ በቶሊዶ ከተማ ፊግሊና ኤልሮድ የተባሉ ሐኪሞች ከጉሎ ዘይት ፋብሪካ የሚወጣው አቧራ በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ አስም እንዳስከተለ በጽሑፍ አረጋግጠዋል። እነዚህ ሰዎች በፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩ አልነበሩም፤ ነፋስ ወደ ቤታቸው ያመጣውን የተነፈሱ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ በማሰሮው ዘመን ዘይቱን የምትቀባውና አተላውን የምትደፋው ሴት አንዲት ነበረች፤ ጥቅሙንም አደጋውንም ታውቀው ነበር። በፋብሪካው ዘመን ግን ሁለቱ ተለያዩ። የጠራው ዘይት ወደ አንዱ ክፍለ ዓለም፣ አቧራውና ፋጉሎው ወደ ሌላው ሄደ። ዛሬ ከዓለም የጉሎ ምርት አብዛኛው የሚገኘው ከህንድ፣ በተለይም ከጉጃራት ክፍለ ሀገር ነው። የከንፈር ቀለሙ ገዢ የዘሩን አቧራ አታየውም። ይህን ማየትና መከላከል የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

ዘይቱ በእርግጥ የሚሠራው

ታሪክ ሲጻፍ ውዳሴውና እውነቱ መለየት አለባቸው። የኤበርስ ፓፒሩስ ጉሎ የሴት ጠጉር ያሳድጋል ካለ ወዲህ ይህ ተስፋ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲሸጋገር ኖሯል። የዘመኑ ሐኪሞች ባደረጉት ግምገማ ግን ዘይቱ ጠጉርን ከሥሩ ያሳድጋል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ያስውባል፣ ያብረቀርቃል ለሚለው እንኳ የተገኘው ማስረጃ መጠነኛ ነው። በ2017 ከህንድ የወጣ የሐኪሞች ጽሑፍ ደግሞ ወፍራሙን ዘይት ቀብታ የታጠበች ወጣት ሴት ረጅም ጠጉሯ እንደ ተደበደበ ሱፍ ተጣብቆ አልፈታ በማለቱ መቆረጥ እንደነበረበት ዘግቧል።

ይህ ማለት የጥንቶቹ ሴቶች ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ቅባቱ በገላ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ውሃ ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል፤ የደረቀ ተረከዝና የተሰነጠቀ እጅ ያለዝባል፤ የጠጉርን መፋተግና መሰበር ይቀንሳል። የማይሰበር ጠጉር ደግሞ እየረዘመ ይታያል። ዓይን ያየውን ዕድገት ከሥር የመጣ ነው ብሎ መተርጎም ቀላል ስሕተት ነው። ልምዱ እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ማብራሪያው ነው።

በትውልድ አገሩ

የዚህ ሁሉ ታሪክ ባለቤት የሆነው ተክል የትውልድ አገሩ የት ነው? ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1926 መጨረሻና በ1927 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ዘር ሰብስቦ ነበር። የዓለምን ሰብሎች መነሻ ማዕከሎች ሲዘረዝርም ጉሎን ከኢትዮጵያው ማዕከል ሰብሎች መካከል ቆጥሮታል። በ2021 የታተመ የዘረ መል ምርምርም የዛሬው የእርሻ ጉሎ የዱር ቅድመ አያቶች በምሥራቅ አፍሪካ እንደሚገኙ አረጋግጧል። እንግዲህ በአመድ መድፊያው ላይ የበቀለው ጉሎ ስደተኛ አረም ሳይሆን ባለ አገር ነው።

ነገር ግን በአገራችን ጉሎ እንደ ሌላው ዓለም የገላና የጠጉር ዋና ቅባት አልሆነም። ለዚህ ምክንያቱ ቅቤ ነው። ከብት አርቢ በሆነ ሕዝብ ዘንድ ሹሩባ የተሠራ ጠጉር የሚቀባው ለጋ ቅቤ ነው፤ ሙሽራም አራስም የምትቀባው ቅቤ ነው። የጉሎ ድርሻ ሌላ ሆነ። የተወቀጠ የጉሎ ፍሬ በጨርቅ ተይዞ ምጣድ ይታሰስበታል፤ እንጀራው እንዳይዝ ያደርጋል። ቆዳ ፋቂውም የከብቱን ቆዳ ለማለስለስ ይጠቀምበታል። የሰው ቆዳ ላይ ቅቤ፣ የበሬ ቆዳ ላይ ጉሎ ሆኖ ሥራው ተከፍሎ ኖረ። ቆዳውን የሚያለዝበው የዘይቱ ባሕርይ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ያንን ባሕርይ ከቆዳ ፋቂው የተሻለ በእጁ ዳስሶ ያወቀው ሰው የለም።

ከጊዜ በኋላ የቅቤ ዋጋ እየናረ፣ የከተማውም ኑሮ እየተለወጠ ሲሄድ በአዲስ አበባ የመዋቢያ መደብሮች ከውጭ አገር የመጣ የጉሎ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። ገዢዋ ከጠርሙሱ ላይ ካስተር የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ታነብባለች፤ በአያቷ ጓሮ የበቀለው ጉሎ መሆኑን ግን ሁልጊዜ አትገነዘብም። የጥንቱ ግብፃዊ ገበሬ የዘራውን መልሶ እንደ ገዛ ሁሉ፣ ባለ አገሩም ለባለ አገሩ ተክል የውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። በዚህኛው ግን መጭመቂያውን ያሸገው የንጉሥ ማኅተም አይደለም። መጭመቂያው ከመጀመሪያው ስላልተተከለ ነው።

ጉሎን በብዛት ለማልማት ሙከራ አልተደረገም ማለት አይደለም። የግብርና ምርምር ሠራተኞች በመልካሳና በሐዋሳ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ለገበሬው አዘጋጅተዋል። በ2000ዎቹ መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ ደግሞ በወላይታ ብዙ ገበሬዎች ለናፍታ ምትክ የሚሆን ጉሎ እንዲዘሩ በውል ተጠይቀው ነበር። የተባለው ምርት ሳይገኝ ቀረ፤ የምግብ ሰብል የሚበቅልበትን ማሳ ለጉሎ የሰጡት ገበሬዎች ብዙዎቹ ተጐድተው ተዉት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጉሎ አይረባም የሚል አይደለም። ጉሎ በአጥርና በድንበር ላይ፣ ለምግብ በማይሆን መሬት ላይ ሲበቅል በረከት ነው፤ የእህልን ቦታ ሲወስድና የተቀባዩ ገበያ በሩቅ ሰው እጅ ሲሆን ግን ዕዳ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሙያው ሰው የሚጠበቅበት ነገር ጥቂትና ግልጽ ነው። አንደኛው፣ ከየአጥሩ የተለቀመ ጥቂት ኩንታል ዘር ሳይሞቅ የሚጨምቅ፣ በመንደር ማኅበር ሊገዛና በአካባቢው ብረት ሠራተኛ ሊጠገን የሚችል ትንሽ መጭመቂያ መሥራት ነው። ሁለተኛው፣ ዘሩ የሚፈለፈልበትና የሚፈጭበት ክፍል ተሸፍኖ አቧራው እንዲሳብ ማድረግ፣ ሠራተኛውም የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ እንዳያጣ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ፋጉሎው በእንፋሎት ሳይበስል ከግቢው እንዳይወጣ፣ ከበሰለም በኋላ ለማሳ እንጂ ለከብት እንዳይሰጥ ሥርዓት መዘርጋት ነው። አራተኛው፣ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው እውነቱ ብቻ እንዲሆን፣ ማለትም ያለዝባል፣ ያብረቀርቃል ይባል እንጂ ጠጉር ያበቅላል እንዳይባል መጠንቀቅ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ከአቅም በላይ የሆነ ምርምር አይጠይቅም። ብራማ መጭመቂያውን ካስመዘገበ ከ200 ዓመት በላይ፣ የቶሊዶ ሐኪሞች ስለ አቧራው ከጻፉ ወደ 100 ዓመት ሆኖታል። ዕውቀቱ አለ፤ ተክሉም በጓሮ ቆሟል። ቆልታ፣ ወቅጣና አፍልታ ከመርዛም ዘር ለልጇ ጠጉር የሚሆን ቅባት ያወጣችው ያች የጥንት ሴት በማሰሮዋ የሠራችውን የመለየት ሥራ፣ በብረት መጭመቂያና በአቧራ መሳቢያ መድገም ለዛሬው መሐንዲስ የቀረ ሥራ ነው።